ትንሽ ነገር አለው

በየሰፈሩ ሳያሸት የማይቀምስ፣ ሳያሸት የማይቀመጥ፣ ሞት ራሱ ቢመጣ አሽትቶት ካልሆነ የማይከተለው አንድ ሰው አይጠፋም። የልብስ ሰፊዋ ጎረቤት፣ ክቡር አፍንጫ፣ ከነዚህ አንዱ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸውም እንደ ሹመት ተቀብለውታል።

ዳቦ ሲገዙ ያሸታሉ። ለቅሶ ቤት የቀረበላቸውን ብርጭቆ ያሸታሉ። ልብስ ሰፊዋ አዲስ ሸሚዝ ብትሰፋላቸው ብብቱን ወደ ፊታቸው አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጉሮሯቸውን እንደ ዳኛ ጠራርገው ፈረዱ፦

«ትንሽ ነገር አለው።»

«ምን አለው ጋሼ?»

«እሱን አልነግርሽም። ግን አለው።»

ፍርዱ ሁሌም ይኸው ነበር። ስለዚህ ዝናቡ ከቀረ ወዲህ ከቤቶቹ ጀርባ ባለው ጅረት ላይ እየተደፉ «ትንሽ ነገር አለው» ሲሉ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም።

ጅረቱ ደግሞ እንዲህ አምሮበት አያውቅም። ደለል የሚያመጣ ጎርፍ ስለሌለ ጠርቶ ሥሩ ያለው ጠጠር ይታያል። ብቻ አይፈስም፤ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ተቆራርጧል። በማለዳ እጅ ሲነከርበት እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። ድንጋዮቹ አረንጓዴ ጠጉር አብቅለዋል። ትንንሽ ዓሦች አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው፣ የሚናገሩት ነገር ያለ ይመስል፣ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። እንቁራሪቶቹ ከጠፉ ሰንብተዋል፤ ልብስ ሰፊዋ ያወቀችው ግን የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከወትሮው ሲጎላባት ነው።

ቧንቧው ደርቋል፤ የቦቴ ውኃ ሰልፍ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንድ ጠዋት ለሕፃን ልጇ የዱቄት ወተት መበጥበጫ ከኩሬው ቀዳች። ክቡር አፍንጫን ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ስላየቻቸው ለወጉ ያህል ባልዲውን አስጠጋችላቸው።

አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ።

«ይፍረዱ እንጂ ጋሼ!»

«ምንም የለውም» አሉ ቀስ ብለው።

ባልዲውን መሬት አስቀመጠችው። በኖሩበት ዘመን ሁሉ ምንም የሌለው ነገር ገጥሟቸው አያውቅም።

«ምን ሆኑብኝ?»

«ሳሙናውም ምንም የለውም። ሽንኩርቱም። ከትናንት ወዲህ ሁሉም ነገር ዝም ብሏል፣ ልጄ።»

ሕፃኗ ከውስጥ አለቀሰች። ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ ባልዲ ደፋች። ከዚያ ሁሉ ጥራት ሥር የተበላሸ እንቁላልና የከረመ ጭቃ ሸተታት። ከውኃው ውስጥ የገዛ ፊቷ ሽቅብ ያያታል፤ አፉን ከፍቷል።

«ትንሽ ነገር አለው» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት።

ውኃውን ደፋችው። ልጇን አዝላ፣ ጄሪካኗን አንጠልጥላ ወደ ቦቴው ሰልፍ ሄደች።

ስትመለስ ክቡር አፍንጫ ትኩስ ዳቦ በሁለት እጃቸው ይዘው በሯ ላይ ቆመዋል።

«እስቲ አንዴ አሽትቺልኝ።»

አሸተተች። አሁን ከምድጃ የወጣ፣ እንከን የማይወጣለት ዳቦ ነበር። ሽማግሌው አፍ አፏን ያያሉ።

ዓይኗን ጨፈነች። ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ትንሽ ነገር አለው።»

«ብያለሁኮ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ምን አለው?»

«እሱን አልነግርዎትም።»

ዳቦውን ለሁለት ቆርሰው ትልቁን ሰጧት።