የማጅራት ቡራኬ

ሰው ራሱን ለሌላ ሰው አሳልፎ የሚሰጥበት ቦታ ብዙ አይደለም። ፀጉር ቆራጭ ቤት ግን አንዱ ነው። እስቲ አስቡት፤ አንገታችሁ ላይ ነጠላ ተጠምጥሞ፣ እጃችሁ ከውስጥ ታፍኖ፣ ስለት የያዘ ሰው ከኋላችሁ ቆሞ ስለ ገብስ አዝመራ ያወራችኋል። ቀና በሉ ሲላችሁ ቀና፣ ጎንበስ ሲላችሁ ጎንበስ። ጣሊያን በታንክና በአውሮፕላን መጥቶ እንኳ ይህን ያህል አልታዘዝንለትም።

ከዚህ ሁሉ የምትከብደው ግን ከወንበሩ የሚነሱባት ሰዓት ናት። መስተዋቱን አይታችሁ ለቆራጩ ምን ትሉታላችሁ? አበላሸኸው ብትሉ ፀጉሩ አይመለስ፤ አማረ ብትሉ ውሸት። "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ መውጣት ነው። የቀረውን ተራ ጠባቂው ይናገርላችኋል።

እኛ የደብረ ብርሃን ጎረምሶች ለዚህ የራሳችን ቋንቋ ነበረን። ላስረዳችሁ፤ ፊደል የቆጠርኩት ያለ የኔታ፣ ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነውና ያወቅኩትን ለሰው ካላካፈልኩ ያመኛል። እኩል የተቆረጠ ራስ "ታጨደ" ይባላል። እዚህም እዚያም ፀጉር የቀረበት "ቃርሚያ አለው" ነው። እዚህ ጋ ገብቶ እዚያ ጋ የወጣ ከሆነ "በረዶ መታው" ይባላል፤ ሊታጨድ የደረሰ ገብስ ላይ በረዶ ሲወርድ ያየ ሰው ትርጉሙ አይጠፋውም። "አማረ" ለማለት ከጣሊያኖቹ ለቅመው "ቤሎ!" የሚሉም ነበሩ። ለእነሱ አግዳሚው ላይ ቦታ አንለቅም። ከቃሉ ቀጥሎ ደግሞ አዲስ የተላጨው ማጅራት ላይ በመዳፍ ጧ ይደረጋል። እሷን "ቡራኬ" እንላታለን።

ደንቡ ግን ጥብቅ ነው። ስድቡም ቡራኬውም ለሚያውቁት ሰው ብቻ ነው። ለማያውቁት "ያምርብህ" ብሎ ዝም ነው። ይቺን ያዙልኝ።

የጋሽ ወልዴ ቤት በአንኮበር መንገድ ላይ፣ ወደ ከተማው ከሚያስገባው የጣሊያን ኬላ ሳይደርሱ ነበር። በአንዱ ጥግ ጋሽ ወልዴ ከአሊዩ አምባ ነጋዴ በገዙት መስተዋት ፊት የሰው ፀጉር ይቆርጣሉ፤ በሌላው ጥግ ሚስታቸው እትዬ አስካለ ጥቁር የበግ ፀጉር ከምረው ለባና፣ ለሱፍ ብርድ ልብስ፣ ይፈትላሉ።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አንድ ሰው በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ጎንበስ ያለው ለቁመቱ ብቻ አይደለም፤ ለጎፈሬውም ነው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጎፈሬ የሚያሳድገው ጠላት ካልወጣ መቀስ አይነካኝም ብሎ የማለ አርበኛ ነው። ባንዳ ካየው ደግሞ ሌላ ምስክር አይጠይቅም።

"ቁረጡልኝ" አለ።

ጋሽ ወልዴ መቀሱን እንደያዙ ቀሩ። "እስከ የት ድረስ ጌታው?"

"እስከ መጨረሻው። እናቴ ከሥላሴ ጀርባ ታማ ተኝታለች። ዓይኗ ሳይከደን ልያት። ይሄን ተሸክሜ ኬላውን አላልፍም።"

ፀጉሩ እየተገመሰ ሲወድቅ ዓይኑን ጨፈነ። እትዬ አስካለ ከሥር ከሥሩ እየጠረጉ ከሱፉ ክምር ውስጥ ሸጎጡት። ጥቁር በግና አርበኛ ተደባለቁ። እኛ ተራ ጠባቂዎቹም አንድ በአንድ ተነስተን ቆምን። "ታጨደ" ልንለው ነው? መሐላ ሲታጨድ ምን እንደሚባል ማናችንም አናውቅም ነበር።

እንዲህ ቆመን ሳለ የኬላው አለቃ፣ ለጣሊያን ያደረው ቡሉቅባሽ፣ ጢሙን ሊላጭ ገባ።

"ምነው ዛሬ? ሌላ ጊዜ ጩኸታችሁ ኬላው ድረስ ይሰማ የለም እንዴ?" አለና ዓይኑ ወንበሩ ላይ አረፈ። "ይሄ ማጅራት ደግሞ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። አንተ! የማን ነህ?"

ነገሩ ገባችሁ? ሊያስገድለው የተቃረበው ተነስተን የሰጠነው ክብር ነበር። "ያምርብህ" ብንል እንግዳ መሆኑን መመስከር ነው። ዝም ብንል ከዚያ የባሰ። የቀረችው መንገድ አንዲት ብቻ ናት።

ተራመድኩና ማጅራቱን ጧ!

"በረዶ መታህ፣ አንተ ቆረቆራም! ዓመት ሙሉ በሻሽ ተጠቅልለህ ከርመህ ዛሬ ብትገለጥ እንዲህ ሆነህ ቀረህ?"

የሰውዬው እጅ ጋቢው ሥር ገባ። እዚያ ምን እንዳለ አላየሁም፤ ማየትም አላስፈለገኝም። እትዬ አስካለ እንዝርታቸውን አቆሙ። ከዚያ እጁ ባዶውን ቀስ ብሎ ወጣና ማጅራቱን አሸት አሸት አደረገ።

"ያንተን ፀጉር አህያ ግጦት የለም እንዴ!" አለኝ። "መጀመሪያ ራስህን በመስተዋት እይ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጓደኛዬ ታዬ "ቃርሚያም አለው!" ብሎ ሁለተኛውን ቡራኬ አሳረፈ። የእሱ እንኳ ትርፍ ነበር።

ቡሉቅባሹ ግን ቆረቆር የምትለዋን ከሰማ በኋላ ሌላው አልተሰማውም። ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ደፋ። "እዚሁ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው?"

"እዚሁ ነው ጌታዬ" አሉ ጋሽ ወልዴ። "አሁን ይነሳልዎታል፤ ይቀመጡ።"

"ተወው፣ ተወው! አንተ፣ ራስህን ሸፍንና ቤትህ ግባ!"

ስለዚህ ሰውዬው ኬላውን ያለፈው በኬላው አለቃ ትእዛዝ ነው። ቡሉቅባሹ ያን ክረምት ከእትዬ አስካለ ባና ገዝቶ ኖሮ ይኮሰኩሰኛል እያለ ሲያማርር ነበር። ምን እንደለበሰ የነገረው የለም።

ጣሊያን ወጣ። አንድ ጠዋት ተቆርጬ ከወንበሩ ስነሳ ያ ሰው እንደገና ያሳደገውን ጎፈሬ ይዞ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ቤቱ በሙሉ ተነሳ።

"ደረስክላቸው?" አሉት ጋሽ ወልዴ።

"ደረስኩ። ራሴን ዳብሳ 'ማን ሞቶብህ ነው የተላጨኸው?' አለችኝ። 'ማንም፤ ቆረቆር ነው' ብላት ሳቀች። በዚያው ሳምንት አረፈች።"

ነፍስ ይማር አልን። እሱም ወደ እኔ ዞረ፤ አዲስ የተቆረጠ ራሴን ከግራም ከቀኝም፣ ከኋላም ዞሮ መረመረው። ጦር መምራቱን ኋላ የሰማንለት ሰው ለአንድ ጎረምሳ ምን እንደሚለው ለመስማት ቤቱ ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

ጧ!

"በረዶ መታህ!" አለኝ።

ማጅራቴ እስከ ማታ ነደደ። እኔ ግን ደንቡን አውቃለሁ። "ያምርብህ" አላለኝም።