በዋራንዱፕ አዳራሽ ማዕዘን ስላለው ዛፍ፣ ስለ ፖሰሟና ስለ ወፉ

ሐሙስ ሴፕቴምበር 12፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ የዋራንዱፕ መንደር አዳራሽ።

የተገኙ፦ አቶ ራስል ፒት (ሊቀመንበር)፣ ወ/ሮ ቴልማ ብሬይ፣ ወንድምና እህት ኮሊንና ኖሊን ዳፍ፣ ዴስ ኪርክ (ጸሐፊ፣ ያለ ውዴታው)።

ሊቀመንበሩ ራሳቸው ባወጡት ደንብ መሠረት፣ ምግብ በሳህን ይዞ ያልመጣ አባል እንዳልመጣ ይቆጠራል። ጠረጴዛው ሞልቶ ስለታየ የሚፈለጉት አምስት አባላት እንደተሟሉ ታመነ። ሳህን የቆጠረ የለም።

አጀንዳ 1፦ በመንደሩ አዲስ ሰሌዳ ላይ የማን ሥዕል ይሁን?

ወ/ት ኖሊን የማር ፖሰም የምትባለውን የዱር እንስሳ አቀረቡ፤ አውራ ጣት የምታክል ሆና ግልገሎቿን በሆዷ ኪስ ይዛ አበባ ለአበባ እንደምትዞር አስረዱ። አቶ ኮሊን፣ "አይጥ ናት በይና እንገላገል! እኔ የመረጥኩት ማር ጠጪው ወፍ ግን ይዘምራል" አሉ። እህታቸው፣ "አንተም ትዘምራለህ፤ ማን ሥዕልህን ሰቀለ?" ሲሉ መለሱ። ወፉ ቀን፣ ፖሰሟ ማታ፣ ሁለቱም የአንዱን ባንክሲያ ዛፍ አበባ እንደሚልሱ ተጠቅሶ፣ ማን የማንን ትራፊ ይበላል በሚለው ጭቅጭቅ ተነሣ። የእናታቸው የሻይ ማንቆርቆሪያ ለማን ይድረስ የሚለው ጉዳይም ያለ አጀንዳው ገባ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሁለቱም እንዲሣሉ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ሁለት ሥዕል የሚይዝ ሰሌዳ ሰፊ በመሆኑ ከአዳራሹ ማዕዘን በቀር ቦታ አልተገኘለትም። እዚያ ደግሞ ወ/ሮ ቴልማ ከሟች ባለቤታቸው ከቢል ጋር የተከሉት ባንክሲያ ቆሟል። ሊቀመንበሩ ይቆረጥ አሉ። ጸሐፊው ፖሰሟም ወፉም የሚበሉት ከዚሁ ዛፍ መሆኑን ቢያመለክት፣ "አንተ ዝም ብለህ ጻፍ" ተባለ። ጻፈ።

ወ/ሮ ቴልማ፣ "ቢልን ከቀበርኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የማወራው ከዚህ ዛፍ ጋር ነው፤ እባካችሁ" አሉ። ድምፅ ሁለት ለሁለት ሆነ። ሊቀመንበሩ አምስተኛውን ድምፅ ለመቁረጡ ሰጥተው ከወ/ሮ ቴልማ ሳህን አራተኛውን ኬክ አነሱ።

ወ/ሮ ቴልማም፣ "ራስል ልጄ፣ ያንተ ሳህን የቱ ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

ሊቀመንበሩ ባለቤታቸው እህቷ ዘንድ መሄዷን ገለጹ። "እሱን መች ጠየቅኩህ?" ተባሉ። ሳህኖቹ ተቆጠሩ፤ አራት ናቸው። ደንቡ የወጣው ለሌላ ሰው ታስቦ እንደነበር ሊያስረዱ ሲሞክሩ፣ ያልመጣ ሰው መናገር እንደማይችል ወ/ት ኖሊን አስታወሱ።

ውሳኔ፦ አባላት ስላልተሟሉ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ተወሰነ። ይህ ያልተካሄደ ስብሰባ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተዘጋ፤ ወፉ ገና ከዛፉ አልተነሣም ነበር።

ወ/ሮ ቴልማ ሲወጡ ባዶ ሳህናቸውን ለሊቀመንበሩ አስጨብጠው፣ "ለሚቀጥለው ሞልተህ አምጣው፤ ያኔ እንደ ሰው እንቆጥርሃለን" አሉ።