በምሰሶው ላይ የታሰረው ሽርጥ

የሐኪም ቤት ደጅ ሳይረግጥ ከሐኪም የሚበልጥ ጎረቤት የሌለው መንደር በሳሞአ የለም። ለታውሳላ የደረሷት ክቡረ ክቡራን ፔኒያሚና ናቸው፤ የስልክ ሊቅ፣ የወሬ ሊቀ ጠበብት። ጠዋት ከባሕር ማዶ የተላከላቸውን ቪዲዮ ያያሉ፤ ቀትር ላይ ፕሮፌሰር ናቸው። «አንብቤዋለሁ» ካሉ አለቀ።

ኩፍኝ ደሴቷን ሲያምሳት፣ ያልተከተበ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ቀይ ጨርቅ ይስቀል ተባለ፤ ነርሶቹ እሱን እያዩ ሊገቡ። ታውሳላ ስለ አሥራ አራት ወር ልጇ ስለ ፌቱ ብላ ጨርቅ ስትፈልግ፣ አዛውንቱ ፔኒያሚና ግድግዳ በሌለው ቤቷ ዘው አሉ።

«ልትሰቅዪ ነው? አምና ሁለት ሕፃናት በዚሁ መርፌ አልሞቱም?»

«ሞተዋል፣ አባባ።»

«ታዲያስ! የፓፓያ ቅጠል ቀቅለሽ በውሃው ልጁን እጠቢው። አንብቤዋለሁ።»

ጨርቁን ምንጣፍ ሥር ከተተችው። ነርሶቹ አልፈዋት ሄዱ። ክቡርነታቸው ድል አደረጉ።

በሳምንቱ፣ እሳቸው አትከተብም ያሏት የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ኢሉ በኩፍኝ ሞተች። ቅጠሉ ገና ድስቱ ውስጥ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ ደጃፋቸው ላይ፣ ከሟች ሚስታቸው መቃብር ጎን ቀበሯት። ፕሮፌሰሩ ጸጥ አሉ። ታውሳላ ከስብከታቸው ይልቅ ያን ዝምታ ፈራችው፤ መርፌውንም ግን ፈርታዋለች። ሌሊት ሌሊት የፌቱን ግንባር ትዳብሳለች።

አንድ ማለዳ ስትነቃ ምሰሶዋ ላይ ቀይ ነገር ይውለበለባል። ፔኒያሚና በሸንጎ ሲናገሩ ብቻ የሚያገለድሙት ሽርጥ ነው።

ነርስ ኦሊታ ሽርጡን አይታ ገባች።

«የአምናዎቹስ ሕፃናት?» አለቻት ታውሳላ።

«መፍራትሽ አይፈረድብሽም። የገደላቸው ክትባቱ አይደለም፤ የክትባቱ ዱቄት በራሱ መበጥበጫ ውሃ ፈንታ በስህተት በሌላ መድኃኒት ተበጥብጦ ነው። እንኪ፣ የዱቄቱንም የውሃውንም ብልቃጥ አንብቢ። ፊትሽ ነው የምበጠብጠው።»

ከኢሉ መቃብር በኩል የፔኒያሚና ጉሮሮ ተጠረገ። «ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ አንቺ! የሚያበቃበትንም ቀን!»

ጮክ ብላ አነበበች። መርፌው ገባ፤ ፌቱ መንደሩን በጩኸት ቀወጠው። አዛውንቱ አሮጌ ሽርጣቸውን እየሳቡ መጥተው ደፍ ላይ ቆሙ። ታውሳላ ምንጣፉን ወደ እሳቸው ገፋችላቸው።

«በኋላስ ምን ያገኘዋል?» አሉ፣ ነርሷን ሳያዩ።

«ከሳምንት በኋላ ትኩሳት፣ ትንሽ ሽፍታ ሊኖር ይችላል፤ ያልፋል። ከዚያ የከፋ ከስንት አንዴ ነው፤ ቢመጣ ብዬ ነው ሩብ ሰዓት አብሬያችሁ የምቀመጠው።»

ፔኒያሚና ፌቱን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ድገሚልኝ» አሉ። «ይሄን አላነበብኩትም።»