ሰባት ቤት ወደ ታች

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ልጆች አባት ሲመርጡ አየሁ።

ቦታው እኔና ባለቤቴ አስናቁ ልጅ ፍለጋ የምንመላለስበት ክሊኒክ ነበር። እዚያ ባለሙያዋ ከእኔ የወንድ ዘር ውስጥ ጤነኛውን አንዱን በማይክሮስኮፕ መርጣ ከአስናቁ እንቁላል ጋር ልታገናኝ ቀጠሮ ይዛልናለች። በሕልሜ ግን ነጭ ጋዋን የለበሱት ገና ያልተወለዱ ሕፃናት ነበሩ። አባት ለመሆን የመጣነው ወንዶች ራቁታችንን የመስታወት ሳህን ውስጥ እንዋኛለን፤ እነሱ ከላይ አጎንብሰው ያዩናል። እኔ ደግሞ ዋና አልችልም።

«ይኼኛውማ ጭራም የለው» አለች አንዷ ሕፃን፣ በመርፌ ጫፍ ገልበጥ አድርጋኝ።

ውሃው ደረቀና ሳህኑ የሠርግ ድንኳን ሆነ። ሕፃናቱ ጋቢ ደርበው ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ እግራቸው መሬት አይደርስም። ልጅ ሆነው እንዲመጡልኝ ሽማግሌ የምልክባቸው እነሱ፣ ሽማግሌዎቹም እነሱው ነበሩ። አስናቁ እንደ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ሰባት ቤት ቁጠር አሉኝ። ስንጋባ ዘመዳሞች አለመሆናችንን ለማስመስከር ቆጥሬ ስለማውቅ ይኼስ አያቅተኝም አልኩ። አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን ስጠራ ትልቁ ሕፃን እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

«እነሱ ሞተዋል። ወደ ታች ቁጠር።»

ስሜን ጠራሁ። ከስሜ በታች የሚጠራ አልነበረም። ፈራሁ፤ ቆሜ ሳለሁ ያለቅሁ መሰለኝ። አስናቁ አንገቷን ሳታቀና፣ ዝም ብለህ አንድ ስም ፍጠር ብላ አንሾካሾከችልኝ።

«ቢያድግልኝ» አልኩ።

ሕፃናቱ ተያዩ። ትልቁ አዘነልኝ።

«እሱንማ ጠይቀነዋል» አለ። «አባቴ ማን ነው አለን። አሳየነው። አልሄድም አለ።»

ነቃሁ። ነግቷል። አስናቁ ስልኳን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከክሊኒኩ ደውለውላት ነበር፤ ክሊኒኩ ባስመጣው አዲስ መሣሪያ ሳይቀር ፈልገው ከእኔ ዘር የሚመረጥ፣ በሕይወት ያለ አንድም አላገኙም። ሳሎን ደግሞ እናቴ መጥታለች። ጉድለቱ የእኔ መሆኑን የነገራት የለም። «ልጄን ያለ ዘር ያስቀረች መካን ዛሬ ጸበል ካልሄደች ከዚህ ቤት አልወጣም» እያለች ነው።

አስናቁ እንባዋን ጠርጋ ነጠላዋን አጣፋች።

«አንተ ተኛ» አለችኝ። «እኔ እሄድላቸዋለሁ።»

ተኛሁ።