ይሄ የየት አገር ሻይ ነው?

የቀረበለትን ከመቅመሱ በፊት «የየት አገር ነው?» የሚል ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? ቅቤው የሸኖ ካልሆነ የማይዋጥለት? የእኔው ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። የኤርፖርት ሻትል ይነዳሉ። አንድ ተሳፋሪ የጃፓን አረንጓዴ ሻይ ካስለመዳቸው ወዲህ ሸኖን ትተው ጃፓን ገብተዋል።

እግሬን ተሰብሬ ከከተማው ዳርቻ ኖርክሮስ ባለው ቤቴ በተኛሁ ጊዜ ሌላው ወዳጅ ሁሉ በቴክስት ጠየቀኝ። እሳቸው ግን ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ከኢስት ፖይንት ተነስተው፣ ያንን ሁሉ ትራፊክ ችለው፣ ከቡፎርድ ሃይዌይ ሱቆች ሦስት ዓይነት የጃፓን ሻይ ገዝተው መጡ። ስለ እግሬ አንዴ ጠየቁና ወደ ቁም ነገሩ ገቡ።

«የካጎሺማው የሞቃት አገር ነው፤ ቀድሞ ይደርሳል፣ ጣዕሙም ሙሉ ነው። የሺዙኦካው የተራራ ነው፤ ጠንከር ይላል። የኡጂው ከመለቀሙ በፊት ፀሐይ ይከለልበታል፤ ጣፈጥ የሚለው ለዚህ ነው።»

ስብከቱ ሲረዝምባት ባለቤቴ አልማዝ ወደ ኪችን ገባች። ሦስቱንም አንድ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨምራ ከቅርንፉድና ከቀረፋ ጋር አንተከተከችው። ስኳርም አልሰሰተችም። ሦስት አውራጃ በአንድ ማንቆርቆሪያ ሲያልቅ ዓይኔ አየ።

ጋሽ ታደሰ ፉት አሉ። ደግመው ፉት አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ የየት አገር ነው?»

«የኖርክሮስ ነው፣ ጋሼ» አለች ፈርጠም ብላ።

እግሬ ከዳነ ሰነባብቷል። ሁሉም ደብል ሺፍት በሚሠራበት ከተማ ቤቴን የሚያንኳኳ ሰው ስላለኝ ግን ተመስገን እላለሁ። ቅዳሜ ሲመጡ ስለ እግሬ እንኳ አይጠይቁም። ገና ከበሩ፣ «የኖርክሮሱ ተጥዷል?» ነው የሚሉት።