የናቲ ሊኑክስ

ቅናት ለሽማግሌ አይነገር፣ ለሐኪም አይነገር፣ ለጓደኛ ቢነገር ያስቃል። እንግዲህ የቀራችሁኝ እናንተ ናችሁ። በሚስቱ አለቃ የሚቀና ባል ታውቁ ይሆናል፤ በሚስቱ የድሮ ወዳጅ የሚቀናማ ሞልቷል። እኔ የቀናሁት በኮምፒውተር ጠጋኝ ነው።

ባለቤቴ ሰናይት እዚሁ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ቤታችን ውስጥ የሰርግ ካርድ ዲዛይን ትሠራለች። አሮጌው ኮምፒውተሯ እየተንቀራፈፈ ሲያስመርራት፣ ናትናኤል የሚባል የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ መጥቶ ዊንዶውሱን አነሳና በምትኩ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጫነላት። ኮምፒውተሩ ነፍስ ዘራ። ከዚያ ወዲህ ናቲ እንዲህ አለ፣ ናቲ እንዲህ አሳየኝ ሆነ ወሬው ሁሉ። ልብ በሉ፣ እኔን ባሏን «ተስፋሁን» ብላ በሙሉ ስሜ ነው የምትጠራኝ።

ሰሞኑን ደግሞ ናቲ ስልክ ማብዛት ጀመረ። እሷም በረንዳ ወጥታ ታወራለች። ቤት ውስጥ ኔትወርክ አይሠራም ትላለች። እውነቷን ነው፣ አይሠራም፤ ግን ይህን ለቀናተኛ ማን ያስረዳዋል?

ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተሰክቶ የሚኖር፣ ሥራዋን ሁሉ የምታስቀምጥበት ዲስክ አለ። ዓርብ ሰናይት ደንበኞቿ ጋ የምትውልበት ቀን ስለነበር፣ ጠዋት ነቅዬ ቢሮ ወሰድኩት። በምሳ ሰዓት ፎቶ የተባለ ሁሉ እየከፈትኩ አየሁ። ናቲ የለም። የማላውቃቸው ሙሽሮች ብቻ ፈገግ ብለው አዩኝ። ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስጋፋ አምሽቼ ቤት ስገባ፣ ዲስኩን ቦርሳዬ ውስጥ ረሳሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሰናይት ኮምፒውተሩን አበራች። ጎፋ ያለው ማተሚያ ቤት ከመዘጋቱ በፊት መላክ ያለበት ካርድ አላት፤ ካልደረሰ ተራው ለሌላ ይሰጣል፣ ሙሽሮቹም ያለ ካርድ ይቀራሉ። ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ጽሑፍ ያወርድ ጀመር። ሊኑክስ ሲታመም ዝም አይልም፣ የት የት እንዳመመው ይለፈልፋል። መሃል ላይ ቆሞ የሆነ ነገር ሲጠብቅ ቆየና አስቸኳይ ጊዜ አወጀ። እውነቴን ነው፣ በእንግሊዝኛ የጻፈው እንደዚያ ነው።

ልደብቃችሁ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ያ የተመሰገነ ሊኑክስ ይኸው! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ መጀመሪያ መብራት ኃይልን፣ ቀጥሎ ናቲን ወቀስኩ። ከዚያ አጥፍቼ አበራሁት፤ የሁላችንም ጥገና ይህችው አይደለች? ያው አስቸኳይ ጊዜ። ሰናይት እንባዋ እየመጣ ናቲ ጋ ደወለች፣ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ።

ናቲ የመጨረሻውን መስመር ተዪው አላት። ጀማሪ ሁሉ እሱን ያያል፤ እሱ ግን ውጤቱ ነው። ከላይ ጀምረሽ አልተሳካም የሚለውን የመጀመሪያውን ቀይ መስመር ፈልጊ አላት። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ማለቱ ነው። ጥሩ አስተማሪ መሆኑ ራሱ አናደደኝ። ሰናይት በጣቷ እየተከተለች አነበበችለት።

«ሲነሳ የለመደውን ዲስክ አጥቶ ነው የቆመው» አለ ናቲ። «ከጀርባ የተሰካውን ማን ነቀለው? ካርዱ እሱ ላይ ነው አይደል?»

ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ለሰው ካርድ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው? ብዬ ይብስ ቀናሁ።

ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ነን። ሰናይት ዞራ አየችኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ልቀመጥ አሰብኩ፤ ሰዓቱ ግን እየሄደ ነው። ቦርሳዬን ከፍቼ ዲስኩን ሰጠኋት። ሰክታ እንደገና ስታስነሳው፣ ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተነሳ።

ስልኩን ዘጋችና «ምን ፈልገህ ነው የወሰድከው?» አለችኝ።

«ናቲን» አልኩ። ምን ልበል?

ሳቋን እየታገለች ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ማተሚያ ቤቱ የሚጠብቀው ካርድ ላይ የናትናኤልና የእጮኛው ስም በወርቃማ ፊደል ተጽፏል። ያ ሁሉ ስልክ ስለ ፊደሉ ቀለም ኖሯል፤ አንዴ ይድመቅ፣ አንዴ ይፍዘዝ እያለ ነው ያሰለቻት። ሰርጉንም ካርዱን ይዞ መጥቶ ራሱ ሊነግረን አስቦ፣ እንዳትነግረኝ አደራ ብሏት ኖሯል።

እፎይ አልኩ። ይቅርታም ጠየቅኩ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ካርዱን ጠጋ ብዬ አየሁት። ከእኛ የሰርግ ካርድ ያምራል። በጣም ያምራል። የእኛንም የሠራችው እሷ ነበረች።