ክብርት ድገምልኝ

የሕፃናት ክፍል ባለበት ሁሉ አንዲት «ድገምልኝ» ባይ ነርስ አለች። የለችም የሚል ካለ ልጁ ታሞበት አያውቅም ማለት ነው። የእኛዋ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ቁመታቸው ከመድኃኒት ጋሪያቸው ብዙም የማይበልጥ ሴትዮ ናቸው። ሁሉም «ሲስተር» ይላቸዋል። እኔ በአምስት ቀን ቆይታዬ ማዕረጋቸውን አሟልቼ ክብርት ድገምልኝ ብያቸዋለሁ።

ክብርትነታቸው የሰው ቃል አያምኑም፤ ወረቀትም አያምኑም። የስምንት ወር ልጄን ትኩሳት እያንቀጠቀጣት ይዣት ስገባ፣ ገና ከሰላምታ በፊት «አውልቃት» አሉኝ።

«ምኗን?»

«ሁሉንም። ዳይፐሩንም።»

«ኧረ ሲስተር፣ ባለፈው ሳምንት ተመዝናለች! ካርዷ ላይ አለ።»

«ያቺ ያለፈው ሳምንት ልጅ ናት። የዛሬዋን አምጣት።»

ሚዛኑ ላይ አስተኟት፤ ክፍሉን በጩኸት አናወጠችው። «ሰባት ኪሎ ከአራት መቶ። ድገምልኝ።» ጥርሴን ነክሼ ደገምኩ። የሕፃን መድኃኒት የሚሰላው በኪሎ ነው አሉ። ይሁን፤ ግን እኔን ምን አስደገመኝ?

ደግነቱ ዶክተሩም አይተርፍም። ወጣት ነው፤ እየተራመደ ያዛል። ክብርትነታቸው ጋሪያቸውን በሩ ላይ ገትረው መንገድ ይዘጉበታል። «ዶክተር፣ ይድገሙልኝ። ነጥቡ ከአምስቱ በፊት ነው በኋላ?» ምስኪኑ ወደ ወረቀቱ ተመልሶ ያያል። ለምረቃ ፈተናው እንኳ እንዲህ ያላበው አይመስለኝም።

አጠገባችን ያለው አልጋ ላይ የተኛው ልጅ አባት አናጢ ነው። አንድ ቀን ለልጁ ሽሮፕ ሊሰጥ ከኪሱ ማንኪያ ቢያወጣ፣ ክብርትነታቸው ከየት መጡ ሳይባል ደረሱበት።

«አንተ፣ እንጨት በክንድህ ነው የምትለካው?»

«ኧረ በሜትር ነው፣ ሲስተር።»

«ታዲያ ልጅህ ከእንጨት አነሰ?»

ማንኪያው ተወረሰ፤ መስመር ያለው ስሪንጅ ተሰጠው። መሳቢያቸው ውስጥ የታሰሩት ማንኪያዎች ቢፈቱ አንድ ምግብ ቤት ያስከፍታሉ።

እንግዲህ ስስቅባቸው ሰነበትኩ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልሳቅኩም። ዛሬ የእኛ ፍሪጅ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፦ ምን ተሰጠ፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሚሊ፣ ማን ሰጠ፣ ፊርማ። አማቴን ሳይቀር አስፈርማለሁ። «ቤቱን ቀበሌ አደረገው እኮ!» ይላሉ፤ ግን ይፈርማሉ። ምክንያቱን መናገር ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ልናገረው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነው። ልጄ ከሚዛን ወርዳ ዶክተሩ የትኩሳት ሽሮፕ አዟል፤ ክብርትነታቸው ስሪንጁን ቀድተው ይዘዋል። «ቤት የሰጣችኋት ነገር አለ?»

«ይሄንኑ ሽሮፕ። አንዴ ብቻ ነው የሰጠኋት።»

«በምን?»

«በ... ማንኪያ።»

ፊታቸውን አብረውኝ ወደመጡት አማቴ አዞሩ። «እማማ፣ እርስዎስ?»

«ሲስተር፣ ተናገርኩ እኮ!» አልኩ በቁጣ። «አባቷ ነኝ!»

«አባቷን ጠይቄ ጨርሻለሁ።»

አማቴ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። «እኔማ... ሁለቱም ጉድ ጉድ ሲሉ፣ ልጅቷ እንደ እሳት ስትግል ዝም ልበል እንዴ? አንዴ ብቻ ነው።»

ይሄኔ ባለቤቴ ካርድ አውጥታ ገባች። «አንቺስ?» አሏት። ባለቤቴ እኔን አየችኝ። «አንዴ ሰጥቻታለሁ። እሱ መቼ ያስታውሳል ብዬ።»

ሦስት ሰው፣ አንድ ጠርሙስ፣ ሦስት «አንዴ ብቻ»፤ ያውም በአንድ ጠዋት። እያንዳንዳችን ከእኔ በቀር ለዚች ልጅ የሚያስብ የለም ብለን፣ ተደብቀን፣ በየማንኪያችን። አራተኛው ደግሞ ስሪንጅ ውስጥ ተቀድቶ ነበር፤ ቶሎ ስጧት ብዬ የምጮኸውም እኔው ነበርኩ።

ክብርትነታቸው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ስሪንጁን ትሪው ላይ መልሰው «ዶክተር!» ብለው ተጣሩ። ደም ተወሰደ። መድኃኒቱ ሲበዛ ጉበት እንደሚጎዳ፣ ያን ያህል መድረስ አለመድረሱን ደሟ እንደሚናገር ዶክተሩ ነገረን። ሦስታችንም አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ማን ማንን ይውቀስ? በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ክብርት ድገምልኝ የውጤቱን ወረቀት ይዘው በኮሪደሩ መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ስሟን ከእጇ አምባር ጋር አመሳከሩ፤ ቁጥሩን በጣታቸው ተከተሉ። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች።

«ደህና ናት» አሉ።

ተነሥቼ ቆምኩ። «ሲስተር» አልኳቸው፣ «ይድገሙልኝ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ፤ አልሳቁብኝም።

«ደህና ናት፣ ልጄ» አሉኝ።